ጋሽ ዕጩ

በሰፈራችን እድር ውስጥ አንድ ሰው አሉ። ስማቸውን አልጽፍም። ብጽፈውም የሰፈሩ ሰው በዚያ ስም አያውቃቸውም፤ እኛ የምናውቃቸው «ጋሽ ዕጩ» ብለን ነው። ልጆቻቸው «የዕጩው ልጆች» ናቸው። ባለቤታቸው እንኳ ሽንኩርት ሊገዙ ጉልት ሲወጡ «እትዬ ዕጩ» ይባላሉ።

ስሙ የወጣላቸው እንዲህ ነው። እድራችን በየሦስት ዓመቱ ሊቀመንበር ይመርጣል። ይመርጣል እንበል እንጂ ነገሩ ይታወቃል። ሊቀመንበሩ ብድግ ብለው «እንግዲህ የሥራ ዘመናችን አልቋል፤ እኛም ደክሞናል፤ ሌላ ሰው ፈልጉ» ይላሉ። አንዱ ከፊት ወንበር ይነሳና «የጀመሩትን ሳይጨርሱ የት ሊሄዱ ነው!» ይላል። ይጨበጨባል። ጭብጨባው ሳይበርድ ከወደ ኋላ፣ ከድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ፣ አንድ ቀጭን እጅ ይወጣል። «እኔም እወዳደራለሁ» ይላሉ ጋሽ ዕጩ፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ስለሆኑ ድምፃቸው እስከ በሩ ይሰማል። ያን ጊዜ ድንኳኑ በሳቅ ይሞላል።

ይህን እጅ በዓይኔ አምስት ጊዜ አይቼዋለሁ። ከሁለት መቶ ከሚበልጠው አባል ውስጥ ትልቁ ያገኙት ድምፅ አሥራ አንድ ነው። አምስቱንም ጊዜ ከሳቁት አንዱ እኔ ነኝ። አምስቱንም ጊዜ እጄን ያወጣሁት ለሊቀመንበሩ ነው።

በፌብሩዋሪ 2025 አንድ ማታ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ዜና አያለሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ወሬው የጎረቤት አገር ስለሆነ እንዳይደባለቅብን።) ካምፓላ ያለ አንድ ፍርድ ቤት ታየ። ተከሳሽ ሳጥን ውስጥ አንድ የከሱ፣ የገረጡ ሽማግሌ ቆመዋል። የረሃብ አድማ ላይ ሰንብተዋል አለ ዜናው። ዶክተር ኪዛ ቤሲጄ ናቸው። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው፣ ጋዜጣ የማያመልጠው የተማረ ሰው ነው፣ ሲኒውን አስቀመጠና «እኚህ ሰውዬ አሁንም አሉ እንዴ? አራት ጊዜ ተሸንፈው አይበቃቸውም?» አለ። ቤቱ ሳቀ። እኔ ግን ደነገጥኩ። ሳቁን አውቀዋለሁ። የድንኳኑ ሳቅ ነው።

የዛሬው ጠቤ ከዚህ ሳቅ ጋር ነው።

ተሸንፎ መወዳደር፣ ተወዳድሮ መሸነፍ የሚያስቅበት አገር የለም አልልም። አለ። ሕንድ አገር፣ ታሚል ናዱ ግዛት ውስጥ፣ ሜቱር በምትባል ከተማ ፓድማራጃን የሚባል ጎሚስታ አለ። ጎማ እየለጠፈ የሚኖር ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ያልተወዳደረበት የምርጫ ዓይነት የለም፤ እስከ 2024 ድረስ 238 ጊዜ ተሸንፏል። ቫጅፓዪን ገጥሟል፤ ማንሞሃን ሲንግን ገጥሟል፤ ሞዲን ገጥሟል። በ2011 በገዛ ከተማው 6,273 ድምፅ አገኘ፤ ትልቁ ድሉ ይሄ ነው። በሕንድ ለፓርላማ የሚወዳደር ሰው 25,000 ሩፒ ያስይዛል፤ ከተሰጠው ድምፅ ከስድስት አንዱን እጅ ካላገኘ ብሩ ቀልጦ ይቀራል። የፓድማራጃን ብር ሲቀልጥ ነው የኖረው። ምርጫው ባለቀ ማግስት ሱቁን ይከፍትና ጎማውን ይለጥፋል። ሚስቱን «ባልሽ የት ገባ?» ብሎ የሚያስጨንቃት ፖሊስ የለም።

አሜሪካም ሃሮልድ ስታሰን የሚባሉ ሰው ነበሯት። በ31 ዓመታቸው የሚኒሶታ ገዥ ሆነው የተመረጡ፣ በ1945 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር ሲፈረም ከአሜሪካ ልዑካን አንዱ የነበሩ ትልቅ ሰው ናቸው። በ1948 የሪፐብሊካን ፓርቲ ዕጩ ለመሆን በብርቱ ተፎካከሩ፤ አልሆነም። ከዚያ በኋላ እስከ 1992 ድረስ እየተመላለሱ ሞከሩ። በመጨረሻ ስማቸው ራሱ ቀልድ ሆነ፤ ሰው በሰው ሠራሽ ፀጉራቸው ሳይቀር ይስቅ ነበር። በ2001፣ በ93 ዓመታቸው፣ በሰላም አረፉ።

ሽንፈት የሚያስከፍለው 25,000 ሩፒ ወይም የፀጉር ቀልድ በሆነበት አገር ሳቁ። እኔም አብሬያችሁ እስቃለሁ። እንዲያውም እንዲህ ያለ ሰው ለአንድ አገር ጌጥ ነው። አንድ ዜጋ 238 ጊዜ ተሸንፎ 238 ጊዜ እራቱን ቤቱ የበላበት አገር ቀላል አገር አይደለም።

አሁን ወደ ካምፓላ እንመለስ።

ዶክተር ቤሲጄ ሐኪም ናቸው። ሙሴቬኒ ጫካ በነበሩ ጊዜ ታጋይ ብቻ ሳይሆኑ የሙሴቬኒ የግል ሐኪም ነበሩ። ድሉ በ1986 ሲመጣም አብረው ገቡ፤ ሚኒስትር ዴኤታ ሆኑ፤ የኮሎኔልነት ማዕረግ ደረሱ። በ1999 «ድርጅታችን ከተነሳበት ዓላማ ወጥቷል» የሚል ጽሑፍ ጽፈው በተኑ። ነገር የተጀመረው ያኔ ነው። በ2001 ተወዳደሩ፤ 28 በመቶ ገደማ ተሰጣቸው። «ሥልጣን የጠማው ሰው ነው» የምትሉኝ ወዳጆቼ እዚህ ላይ አንድ ነገር አስረዱኝ። ሥልጣን ለጠማው ሰው ምንጩ የነበረው ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ነው። ሰውየው በዋንጫ እየተቀዳላቸው አልጠጣም ብለው ነው የወጡት። ምን ዓይነት ጥም ነው ይሄ?

ከሽንፈቱ በኋላ ፍርድ ቤት ሄዱ። የኡጋንዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች «አዎን፣ ሕጉ ተጥሷል» አሉ። ቀጥለው ግን ሦስት ለሁለት በሆነ ድምፅ «ጥሰቱ ውጤቱን በእጅጉ የሚለውጥ አይደለም» ብለው ዘጉት። ሌባው ሰርቋል፣ የሰረቀው ግን ቤቱን ባዶ አላደረገውም እንደ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ዶክተሩ ከአገር ሸሹ።

በኦክቶበር 2005 ተመለሱ። ሕዝቡ በነቂስ ወጥቶ ተቀበላቸው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ታሰሩ፤ አገር ክህደት፣ በላዩ ላይ አስገድዶ መድፈር ተጨመረ። አብረዋቸው ለተከሰሱት ዋስትና በተፈቀደ ቀን ጥቁር የለበሱ የታጠቁ ሰዎች ፍርድ ቤቱን ከበቡት። ዕጩነታቸው የተመዘገበው እሳቸው እስር ቤት ሳሉ ነው። በጃንዋሪ 2006 በዋስ ወጡ፤ በፌብሩዋሪ ምርጫው ተደረገ። ለቅስቀሳ የቀራቸው ጊዜ የአንድ ሑዳዴ ያህል ነው። እንዲያም ሆኖ 37 በመቶ አገኙ። የመድፈሩ ክስ ምርጫው ካለፈ በኋላ ውድቅ ሆነ፤ ሥራውን ጨርሷላ። እንደገና ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዱ። እንደገና ዳኞቹ ጥሰት አለ አሉ፤ ዘንድሮ አራት ለሦስት። አንድ ዳኛ ብቻ ወዲያ ቢል ኖሮ ምርጫው በተሰረዘ ነበር። «አራት ጊዜ ተሸነፉ» ስንል እነዚህን ሁለት ፍርዶች ስንቶቻችን እናውቃለን?

በ2011 ለሦስተኛ ጊዜ ተወዳድረው 26 በመቶ ተባለ። ከምርጫው ሁለት ወር በኋላ የነዳጅና የምግብ ዋጋ ጣራ ሲነካ «በእግራችን ሥራ እንሂድ» የሚል ተቃውሞ ተጀመረ። ተቃውሞው መራመድ ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። አንድ ቀን ፖሊሶች የመኪናቸውን መስኮት ሰባብረው የሚያቃጥል ጋዝ በቅርብ ዓይናቸው ላይ ረጩባቸው። ለተወሰነ ጊዜ ማየት አቅቷቸው ለሕክምና ናይሮቢ ተወሰዱ። በ2016 ለአራተኛ ጊዜ ቆሙ፤ 36 በመቶ ገደማ። አቤቱታ በሚቀርብባቸው ቀናት ቤታቸው በፖሊስ ተከቦ ነበር። ያኔ «የሕዝብ ፕሬዚዳንት ነኝ» ብለው ራሳቸውን በቪዲዮ አስማሉ። ይሄ ለእኔ አልጣመኝም፤ ቃለ መሐላ የቀልድ ዕቃ አይደለም። የተሰጣቸው ምላሽ ግን ቀልድ አልነበረም፤ ዳግመኛ የአገር ክህደት ክስ።

ከዚያ በኋላ አልተወዳደሩም። ይህን ያዙልኝ። ባልተወዳደሩበት ዘመን፣ በኖቬምበር 2024፣ ናይሮቢ ለመጽሐፍ ምረቃ ሄደው ጠፉ። ከቀናት በኋላ ካምፓላ፣ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ፊት ቆመው ታዩ። ሐኪም፣ ጡረተኛ፣ በጎረቤት አገር የመጽሐፍ እንግዳ፣ በወታደራዊ ችሎት! የኡጋንዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2025 «ሲቪል ሰው ወታደር ፊት አይዳኝም» ሲል፣ መዝገቡ ወደ መደበኛው ችሎት ዞረ፤ ክሱም አገር ክህደት ሆነ፤ ሦስተኛው መሆኑ ነው። ዋስትና ጠየቁ፤ ተከለከሉ። እኛ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን የሳቅነው እኚህን ሰው አይተን ነው።

አሁን ሌላውን ሰውዬ እንይ። ስለሳቸው ማንም «አይሰለቻቸውም?» ሲል ሰምቼ አላውቅምና።

ፕሬዚዳንት ዩዌሪ ሙሴቬኒ በ1980 ፓርቲ አቋቁመው ለምርጫ ቀርበው ነበር። ፓርቲያቸው በመላ አገሪቱ ያገኘው አንድ ወንበር ነው። እሳቸው ራሳቸው በትውልድ አካባቢያቸው ተሸነፉ። ምርጫው ተጭበርብሯል አሉ፤ ብዙ ታዛቢ ከሳቸው ጋር ይስማማል። ታዲያ ምን አደረጉ? ሁለተኛ አልተወዳደሩም። ፍርድ ቤት አልሄዱም። «በእግራችን እንሂድ» አላሉም። በፌብሩዋሪ 1981 ካባምባ የሚባለውን የጦር ሰፈር አጠቁና ጫካ ገቡ። አምስት ዓመት ጦርነት ሆነ፤ ሉዌሮ በሚባለው አካባቢ ያለቀውን ሕዝብ ኡጋንዳ እስከ ዛሬ ታለቅሳለች።

እንግዲህ ሁለት ሰዎች። አንዱ አንድ ጊዜ ተሸንፎ ጠመንጃ አነሳ። ሌላው አራት ጊዜ ተሸንፎ፣ ጠመንጃ አያያዙን ከዚያው ጫካ የተማረ ሆኖ ሳለ፣ አራት ጊዜ ወደ ኮሮጆው ተመለሰ። የመጀመሪያውን «ክቡር ፕሬዚዳንት» እንላለን። በሁለተኛው እንስቃለን።

ደግሞስ «የዘወትር ዕጩ» ማነው? ጣቴን ቆጥሬ ላሳያችሁ። 1996፣ 2001፣ 2006፣ 2011፣ 2016፣ 2021፣ 2026። ሰባት ጊዜ የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ የታተመው ፎቶግራፍ የሙሴቬኒ ነው። ሥልጣን ሲይዙ «የአፍሪካ ችግር ሥልጣን ላይ የሚከርሙ መሪዎች ናቸው» ያሉት እሳቸው ናቸው። የሥራ ዘመን ገደቡ በ2005 ከሕገ መንግሥቱ ወጣ። የ75 ዓመት የዕድሜ ገደቡ በ2017 ወጣ። በጃንዋሪ 2026 ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ላይ ለሰባተኛ ጊዜ አሸናፊ ተባሉ። የካሜሩኑ ፖል ቢያ ደግሞ በኦክቶበር 2025 ለስምንተኛ ጊዜ አሸነፉ ተብሏል፤ በዘጠና ሁለት ዓመታቸው። አራት ጊዜ የተወዳደረው «አይሰለቸውም» ከተባለ ስምንት ጊዜ የተወዳደረው ምን ይባል? ቋንቋችን ስም ያወጣው ለተሸናፊው ብቻ ነው። ለአሸናፊው ስም ማውጣት ያስፈራላ!

«ችግሩ ፊቱ ማርጀቱ ነው፤ አዲስ ሰው ቢመጣ ኖሮ» የሚሉም አሉ። መጣኮ። በ2021 ቤሲጄ ቀርተው ቦቢ ዋይን የተባለው ወጣት ዘፋኝ ቆመ። አዲስ ፊት፣ አዲስ ቀይ ኮፍያ፣ የወጣት ጎርፍ ይዞ። የተሰጠው 35 በመቶ ነው። በማግስቱ ቤቱ በወታደር ተከበበ። ዶክተሩ የቀመሱትን ጠጅ ከዚያው ብርሌ ቀመሰ። በ2026 ደግሞ ተወዳደረ። ጥቂት ጊዜ ታገሱ፤ እሱንም «አይሰለቸውም እንዴ» ማለት እንጀምራለን።

እርግጥ ነው፣ ተቃዋሚም ወንበር ላይ ይተክላል፤ ፓርቲውን እንደ ርስት የያዘ ሊቀመንበር ሞልቷል። ይሄን አልክድም። ዶክተር ቤሲጄ ግን በ2012 የፓርቲያቸውን መሪነት ዘመናቸው ሳያልቅ ለሌላ ለቀዋል። ተመልሰው ዕጩ የሆኑትም በፓርቲው ውስጥ ተወዳድረው ነው።

ደጋግሞ መወዳደር ፍሬ የለውም የሚለው ወሬም ዝም ብሎ ወሬ ነው። የዛምቢያው ሃካይንዴ ሂቺሌማ አምስት ጊዜ ተሸንፈዋል። በ2017 ለፕሬዚዳንቱ የመኪና አጀብ መንገድ አልለቀቁም ተብለው በአገር ክህደት ተከሰው አራት ወር ታስረዋል። በስድስተኛው፣ በ2021፣ አንድ ሚሊዮን በሚጠጋ ድምፅ በልጠው የገቡት ቤተ መንግሥት ያን መኪና የሚያስነዳው ቤተ መንግሥት ነው። የሴኔጋሉ አብዱላይ ዋድ አራት ጊዜ ተሸንፈው በ2000 አሸነፉ። በ2012 ደግሞ ሦስተኛ ዘመን አምሯቸው እንደገና ሲወዳደሩ ሕዝቡ ጣላቸው። ደጋግሞ መሸነፍ ሰውን መልአክ አያደርግም ማለት ነው፤ እሱንም እናውቃለን። ነገር ግን ዋድ በምርጫ ሊወርዱ የቻሉት፣ ቀድሞ በምርጫ ሊወጡ ስለቻሉ ነው።

ስለ እኛስ? እኛ አገር እንዲህ ያለ ሰው የለም ብንል ማጋነን አይሆንም። ለምን እንደሌለ ግን ጠይቀን እናውቃለን? ቤሲጄ በታሰሩበት በዚያው ኖቬምበር 2005፣ በዚያው ወር፣ አዲስ አበባ የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ። ክሳቸው ውስጥም የአገር ክህደት ነበረበት። በጁላይ 2007 በይቅርታ ተፈቱ። አንዳንዱ ዝም አለ፤ አንዳንዱ ተሰደደ። ለአዲስ አበባ ከንቲባነት ታጭተው የነበሩት ብርሃኑ ነጋ ከእስር ወደ ስደት፣ ከስደት ኤርትራ ወደ ነበረ የትጥቅ ንቅናቄ ሄዱ። በ2018 ተመለሱ፤ በ2021 እንደገና ለድምፅ ቀረቡ፤ ተሸነፉ። በሁለቱ የድምፅ ወረቀቶች መካከል አሥራ ስድስት ዓመት አለ። እኛ ዘንድ ዕጩ የሚያልቀው በአንድ ምርጫ ነው። ከዚያ በኋላ እስረኛ ይሆናል፣ ስደተኛ ይሆናል፣ ሸማቂ ይሆናል፣ ወይም አርፎ ይቀመጣል። ደጋግሞ ዕጩ መሆን ግን አልተለመደም።

ወደ ድንኳናችን ልመለስ። እጄን አምስት ጊዜ ለሊቀመንበሩ ያወጣሁት ወድጃቸው አይደለም። የእቃ ቤቱ ቁልፍ ያለው እሳቸው ኪስ ውስጥ ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱ በሳቸው ትእዛዝ ነው የሚወጣው። ድምፅ ደግሞ በእጅ ነው፤ ማን እንዳወጣ፣ ማን እንዳላወጣ ከመድረኩ ላይ ይታያል። ለጋሽ ዕጩ እጃቸውን ካወጡት አሥራ አንዱ የአንዱ ሚስት በሞተች ዕለት ድንኳኑ የተተከለው ከቀብር መልስ ነው። ለቀስተኛው ፀሐይ ላይ ቆመ። አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። አጋጣሚ ነው ብሎ ያመነ ሰው ግን አላገኘሁም። እናቴ ያኔ ሰማንያ አልፏቸው ነበር።

ጋሽ ዕጩ ሲነሱ የሚሉት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? እኔ በቅርብ ነው ልብ ያልኩት፤ ለካ ሳቁ አያሰማም። አንድ ነገር ነው የሚሉት፤ «የእድሩ ሒሳብ ከውጭ በመጣ ሰው ይመርመር፤ ምርጫውም በወረቀት ይሁን።» አምስት ጊዜ፣ ቃል ሳይለውጡ።

ባለፈው ሳምንት ዳቦ ቤት ደጃፍ ላይ አገኙኝ። ምርጫችን ደርሷል። ደንቡ ተሻሽሎ ዘንድሮ ዕጩ የሚሆን ሰው ተነስቶ የሚጠቁመው አንድ አባል ይፈልጋል፤ ራስን በራስ መጠቆም ቀርቷል። ደንቡን ማን እንዳሻሻለው መቼም አትጠይቁኝም።

«ልጄ፣ አንተ ጸሐፊ ነህ፤ ተነስተህ ስሜን ብትጠራልኝ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እስቲ ላስብበት» አልኳቸው።

ዳቦዬን ይዤ ቤቴ ገባሁ። እናቴ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር።